ጭነቴ ንቅንቅ አላለም፤ ዳሱ ግን ተከተለኝ

ወገን፣ ይሄን የምጽፍላችሁ መኪናዬ ጋቢና ውስጥ ቁጭ ብዬ ነው። ቁልፉ ግን እኔ ጋ የለም።

ቁልፉ ሀጂ አወል ኪስ ውስጥ ነው።

አዎ፣ የዘሀራ አባት! ዛሬ ሽማግሌ የላክሁባቸው ሰውዬ!

ቆይ፣ ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። መሳቅ ይቻላል። ከሚሴ ሙሉ ስትስቅብኝ ነው የዋለችው፣ እናንተ ብትጨመሩ ምን ይቀርብኛል?

ለአዲስ ፎሎወሮች፦ ሙሄ እባላለሁ፣ የከሚሴ ልጅ ነኝ። ጎንና ጎኑ ክፍት የሆነ ረጅም መኪና እነዳለሁ፣ ብረት እጭናለሁ። ይቺ ገጽ የምታወራው ስለ አንድ ነገር ብቻ ነው። ብረት መኪና ላይ እንዴት እንደሚታሰር! ሰንሰለቱ በየት በኩል እንደሚያልፍ፣ ቀበቶው እንዴት እንደሚወጠር፣ የብረቱ ጠርዝ ቀበቶውን እንዳይበላው ከስሩ የአሮጌ ጎማ ቁራጭ እንዴት እንደሚገባ። ከዛ መጨረሻ ላይ ጭነቱን በትከሻዬ ገፋ አደርግና ካሜራውን እያየሁ "ንቅንቅ የለም!" እላለሁ።

ይቺን "ንቅንቅ የለም" ዛሬ የሰፈሩ ሕጻናት ዘፈን አድርገዋታል። አሁን ራሱ በመስኮቴ ስር እየዘፈኑ አለፉ።

ለምን ስለ ሰንሰለት ብቻ እንደማወራ ግን ነግሬያችሁ አላውቅም።

ምክንያቷ ዘሀራ ናት።

የተዋወቅነው ጨፋ ሮቢት ገበያ ነው። ያኔ እህል ነበር የምጭነው። የአባቷን ማሽላ ልታስጭን መጣችና ገመዴን ከላይ እስከ ታች አይታ "አሁን ይሄ ታስሮ ነው?" አለችኝ። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ! እኔ እዛው አለቀልኝ።

ችግሩ አባቷ ናቸው። ሹፌር የሚባል ፍጥረት በደጃቸው እንዲያልፍ አይፈልጉም። ክፉ ሰው ሆነው እንዳይመስላችሁ። ከዓመታት በፊት በራቸው ላይ ቆመው ሳለ፣ ከሚያልፍ መኪና ላይ ብረት ተንሸራቶ ወደቀና እግራቸውን ሰበረው። እስከ ዛሬ በከዘራ ነው የሚሄዱት። ሹፌሩ ምን እንደጣለ እንኳን ሳያውቅ መንገዱን ቀጠለ። "ወርዶ ዙሪያውን ቢያይ ኖሮ!" ይላሉ እስካሁን። ወሬው ስለ ዝናብ ቢሆንም መጨረሻው እዛች ላይ ነው።

እኔ ደግሞ ሹፌር! ያውም የብረት!

ይቺን ገጽ የከፈትኳት ለዚህ ነው። ትምህርት ፈልጋችሁ የተከተላችሁኝ ወንድሞች፣ ይቅርታ አድርጉልኝ። እኔ የፈለግሁት አንድ ተመልካች ብቻ ነበር። ዘሀራ ቪዲዮዎቼን በስልኳ ለአባቷ ታሳያቸዋለች። አይተው፣ አይተው "እህ" ይላሉ።

"እህ" ብቻ! በዛች "እህ" ግን ስንት ወር ኖሬባታለሁ።

እሳቸው ዘንድሮ ሐጅ ሄደው ሰሞኑን በሰላም ተመለሱ። ዛሬ የእንኳን ደህና መጡ ዱአ ነበር። በሬ ታርዷል፣ ሩዙ በጎላ ተጥዷል፣ ዘመድ ከጨፋ ሸለቆ ጫፍ እስከ ጫፍ ተጠርቷል። አጎቴ እንድሪስ ይሄን ሲሰሙ ከመቀመጫቸው ተነሱ።

"ሰውየው ከመካ ነው የመጣ፣ ልቡ ለስልሷል" አሉ። "ዛሬ ካልጠየቅነው መቼም አንጠይቀው!"

ቀጠሉና ደግሞ "አንተ ከነጭነትህ ቀስ ብለህ በፊታችን እለፍ። እኛ ስለ ልጅቱ ስናነሳ እሱ ብረቱ እንዴት እንደታሰረ በዓይኑ ይይ" አሉኝ።

እዩልኝ ምክሩን! እኔም "ማሻአላህ፣ ሐሳብ ማለት እንዲህ ነው!" ብዬ ጉልበታቸውን ልስም ምንም አልቀረኝም።

አሁን ስህተቱ እንዴት እንደተሠራ ልብ ብላችሁ ተከታተሉ።

ትናንት ከኮምቦልቻ ለአዲስ አበባ ወፋፍራም የብረት ምሰሶ ጭኜ ስመጣ መኪናዋን ያሳደርኳት እዚሁ ሀጂ ግቢ አጠገብ ነው። ቦታው ሰፊ ስለሆነ ነው። (ኧረ ውሸቴን ነው! የዘሀራ መስኮት ስለሚታይ ነው።)

ዛሬ ጠዋት እኔ ቤቴ ጀለቢያ እየተኮስኩ ሳለ የሰፈሩ ሰው እዚህ ዳስ ሲጥል ነበር። በግቢው በኩል ምሰሶ ተከሉ። በመንገዱ በኩል ግን መሬቱ ጠጠር ሆኖ አልቆፈርም አላቸው። አንዱ "የሙሄ መኪና ቆማ የለም እንዴ? እሷ ላይ እንሰረው!" አለ። ሌላው "ብትነሳስ?" ሲል "ዛሬ ሽማግሌ ልኮ የት ይሄዳል?" ተባለ። ተሳሳቁና የዳሱን ገመድ በብረቱ ላይ አሻግረው ወርውረው፣ በወዲያኛው ጎን ያለው መንጠቆ ላይ ቋጠሩት።

ለእኔ የነገረኝ የለም። ለምን መሰላችሁ? የቤቱ ሰው ነው፣ ያውቃል ብለው!

ሳስበው አንጀት የሚበላ ነገር ነው። ከመነሳቴ በፊት ባውቀው ኖሮ አለቅስ ነበር።

"ታዲያ መኪናህን ስትዞር አታይም?" ትሉኝ ይሆናል። እህ! እዚህ ላይ ነው ጉዱ። ሽማግሌ በተላከ ቀን ልጁ ራሱ በልጅቷ ደጅ ፊቱን ማሳየት የለበትም፣ ነውር ነው። ዳሱ ውስጥ ደግሞ ወንድሞቿ፣ አክስቶቿ፣ መላ ዘመዷ ነው የተቀመጠው። ስለዚህ በመንገዱ በኩል ጎንበስ ብዬ መጣሁና እዛው ተደበቅሁ። በዳሱ በኩል ያለውን ጎን አላየሁትም።

በሕይወቴ ሳልዞር የተነሳሁበት ቀን ዛሬ ብቻ ነው። በአላህ፣ ዛሬ ብቻ!

ረዳቴም የለም። ለዐረፋ አገሩ ብሎ ሄዶ እስካሁን ዐረፋ ላይ ነው።

ላይቭ ከፈትኩ። እያያችሁኝ የነበራችሁ ታስታውሳላችሁ፣ በሹክሹክታ ነበር የማወራው። "ወዳጆቼ፣ ዛሬ ትልቅ ቀን ነው፣ ዱአ አድርጉልኝ" አልኩ። ሰንሰለቶቹን አንድ በአንድ ነካካሁ። ጥብቅ! ቀበቶዎቹን በጣቴ መታ መታ አደረግሁ። ጥብቅ!

ከዛ አየሁት። ሰማያዊ ገመድ። በብረቱ ላይ ተሻግሮ መጥቶ መንጠቆዬ ላይ የታሰረ። ልል!

እኔ ጭነት ላይ! ልል ገመድ! በዛሬው ቀን!

"ይሄ የረዳቴ ሥራ ነው" አልኳችሁ፣ ያንን ምስኪን እዚህ በሌለበት። "ወዳጆቼ፣ ልል ገመድ አይታችሁ አትለፉ። የምታዩት ልል ገመድ የሆነ ሰው እግር ነው።" እንዴት ያለ ንግግር ነበር! ራሴን በራሴ አደነቅሁ። ስልኩን ጎማው ላይ አስደግፌ፣ ጀለቢያዬን ሰብስቤ፣ እግሬን ቻሲው ላይ አስደግፌ ጎተትኩ።

ገመዱ እየመጣ፣ እየመጣ፣ እየመጣ አላልቅ አለ።

አንድ ፎሎወር "ወንድም ከኋላህ የሆነ ነገር ዝቅ አለ" ብሎ ጻፈ። ሌላው "ዳስ ነው እንዴ?" አለ። እኔ ምን አልኩ? "በቁም ነገር ሰዓት ቀልድ አልወድም!" አልኩና አንዱን ብሎክ አደረግሁት።

ወንድሜ፣ የትም ብትሆን አፉ በለኝ፣ ይቅር በለኝ። ብሎኩን አሁን አንስቼልሃለሁ።

የቻልኩትን ያህል ወጥሬ በድርብ ቋጠርኩት። ጭነቱን በትከሻዬ ገፋሁ። "ንቅንቅ የለም!"

ጋቢና ገባሁ፣ ሞተር አስነሳሁ፣ መስታወት ዘጋሁ። ልክ ማርሽ ሳስገባ ከዳሱ በኩል ሴቶች እልል አሉ። ሀጂ ከቤት ወጥተው ዳሱ ውስጥ ሲገቡ ነበር እኮ! እኔ ለእኔ መሰለኝ። "አልሐምዱሊላህ፣ ነገሩ አለቀ" ብዬ በደስታ ጥሩምባ ነፋሁ።

ተነሳሁ። ቀስ ብዬ፣ እንደ ንጉሥ።

እልልታው ወደ ጩኸት ተቀየረ። "ዳቢ! ዳቢ! ቁም!" ይላሉ። እኔ ደግሞ ሞተሩ እየጮኸ፣ መስታወቱ ተዘግቶ፣ እጄን አውለበለብኩላቸው።

እጄን አውለበለብኩላቸው! ይሄን ነገር ስንት ዓመት እንደማስበው አላህ ያውቃል።

ከዛ በጎን መስታወት ወደ ኋላ አየሁ። ሸራ ይከተለኛል።

መጀመሪያ ያሰብኩት ምን መሰላችሁ? "ይሄ ሰው ለምንድነው እንዲህ ተጠግቶ የሚነዳው?" ነው ያልኩት።

እየነዳ አልነበረም። ዳሱ ነው! ዳሱ በእግሩ እየሄደ ነው! ምሰሶዎቹ ለአንድ ቀን ነው ተብሎ ላይ ላዩን ነበር የተተከሉት፣ ተነቅለዋል። እንግዶቹ ደግሞ ዳሱ እንዳይወድቅ ብለው እያንዳንዳቸው አንድ አንድ ምሰሶ ይዘዋል። ምሰሶውን እንዳይለቁ ሸራው ሰው ላይ ይወድቃል፣ እንዳይቆሙ እኔ እየጎተትኳቸው ነው። ስለዚህ ይሮጣሉ! የኔ ሽማግሌዎች! ፊት ለፊት ያለውን ምሰሶ አጎቴ እንድሪስ ናቸው የያዙት። ጥምጣማቸው ተፈትቶ አንገታቸው ላይ ወርዷል፣ አፋቸው ይከፈታል፣ ይዘጋል። ምን እያሉ እንደሆነ አልሰማሁም፣ ግን ዱአ አልነበረም።

አንድ ባጃጅ ሹፌር ዳሩን ይዞ ቆሞ አሳለፈን። ሰርገኛ መስሎት እኮ ነው!

ፍሬን ያዝኩ።

ሸራው ቀስ ብሎ ሯጮቹ ላይ አረፈ። ከስሩ ሳል፣ "ቢስሚላህ"፣ "ማል ኩኒ፣ ምንድነው ይሄ?" የሚል ድምፅ ይወጣል። አንድ በአንድ እየተሳቡ ወጡ። ማንም አልተጎዳም፣ አልሐምዱሊላህ። ሩዙ ብቻ አቧራ ቀመሰ።

ወደ ኋላ ዞር ብዬ ዳሱ ወደነበረበት አየሁ። ምንጣፉ እንዳለ አለ። ወንበሮቹም አሉ። በመሃል ሀጂ አወል ከዘራቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ብቻቸውን ተቀምጠዋል። እኔን ያያሉ።

ከግቢው በር ላይ ደግሞ ዘሀራ። ሁለት እጇን ራሷ ላይ አድርጋ።

ወገን፣ እዛች ደቂቃ ላይ ሁሉም ነገር አበቃ ብዬ ነበር። ቀልዴን አይደለም። ሰውየው በደጃቸው ብረት ጭኖ፣ ምን እንደጎተተ ሳያውቅ የሚነዳ ሹፌር አንድ ጊዜ አይተዋል። ዛሬ ሁለተኛውን አዩ። ሁለተኛው ደግሞ ልጃቸውን የሚለምነው ነው።

ሀጂ ተነሱ። እያነከሱ ወደ እኔ መጡ።

"ያ ጉርባ፣ አንተ ልጅ! ኮቱ፣ ና ውረድ!"

ወረድኩ። ጀለቢያዬ የበሩ እጀታ ላይ ተይዞ ቀደድ አለ። ለእሱ ጊዜ አልነበረኝም።

እኔን አላዩኝም። ቀጥታ ወደ ጭነቱ ሄዱ። በከዘራቸው ብረቱን መታ አደረጉት። ከዛ ከዘራውን በአንድ እጃቸው ይዘው በሌላው ሰንሰለቱን ያዙና ነቀነቁት። ያን ያህል ብረት እንዲህ ቀርበው ሲነኩ እግራቸው ከተሰበረ ወዲህ የመጀመሪያቸው መሆኑን ዘሀራ ኋላ ነው የነገረችኝ። የጎማ ቁራጮቹን በጣታቸው እየዳሰሱ፣ እያነከሱ፣ መኪናዋን ዙሪያዋን ዞሯት። እኔ ያልዞርኩትን ዙር።

ዞረው ሲመለሱ ፊቴ ቆሙ።

"ብረቱ አልወደቀም።"

"አልወደቀም ሀጂ።"

"ሌላው ሁሉ ወደቀ።"

"አዎ ሀጂ።"

"ቁልፉን አምጣ!"

ሰጠኋቸው። ኪሳቸው ከተቱት። "ዳሱን ራስህ ትተክለዋለህ። መኪናዋም ዱአው እስኪያልቅ ምሰሶ ናት፣ ከዚህ አትነሳም" አሉና ሄዱ። መኪናዋን ወደ ቦታዋ የመለሰው የዘሀራ ወንድም ነው። እኔ ወደ ኋላ ስትሄድ እንኳን እንድነዳ አልታመንኩም።

ዳሱን ተከልኩ። በሰንሰለት አሰርኩት! ጥምጣማቸውን እንደገና የጠመጠሙት አጎቴ እንድሪስ አጠገቤ መጥተው "ልጅቱን ገና ሳንጠይቀው ከኛ ወገን የወጣ ቁልፍ ኪሱ ገብቷል፣ መልሶም አልወረወረብን። ተስፋ አለ" አሉኝ። ቀጥለው ደግሞ "ግን አንተ ምን ዓይነት ጅል ነህ?" አሉ።

በዚህ መሃል የብረቱ ባለቤት ከአዲስ አበባ ደወለ። "የት ደረስክ?" ይለኛል። ዳስ ተደግፎብኛል ልበለው?

ከዛ ዱአው። ሀጂ እጃቸውን ዘረጉ፣ እኔ ከጋቢና ሆኜ ዘረጋሁ።

"ያ ረቢ፣ ሳያይ ከሚነሳ ሹፌር ጠብቀን!"

"አሚን!" አለ ሕዝቡ። በዚህ ድምፅ አሚን ሲባል ሰምቼ አላውቅም። እኔም አሚን አልኩ፣ ምን ላድርግ?

"ለዚህ ልጅ ልብ ስጠው!"

"አሚን!" አጎቴ እንድሪስ ከሁሉም በላይ ጮኹ።

"ለልጄ ለዘሀራም..." አሉና ሀጂ አሳላቸው። ውሃ ተሰጣቸው። ጠጡ። እኔ ትንፋሼን ይዣለሁ። መሪውን ይዣለሁ። ወገን፣ ያለሁበትን ሁሉ ይዣለሁ!

"...ለቦርከና ወንዛችንም ውሃ፣ ለማሽላችንም ዝናብ ስጠን!"

"አሚን!"

ዝናብ! እኔን ያስቸገረኝ ዝናብ ነው?

ምግቡ ተበላ፣ ሰው ወደ ቤቱ መበተን ጀመረ። እኔ መሪው ላይ ተደፍቼ ነበር። መስታወቱ በከዘራ ተንኳኳ። ሀጂ! ብቻቸውን!

"ነገ ስትነሳ፣ እኔ ዙሪያውን ሳላይልህ አትነሳም" አሉኝ።

"እሺ ሀጂ።"

"ከነገ ወዲያም። ብረት ጭነህ በዚህ ባለፍክ ቁጥር እዚሁ ታቆማለህ፣ አይቼልህ ነው የምታልፍ።"

"ሀጂ... እኔ እኮ በየሳምንቱ ነው የምጭነው።"

"ታዲያ በየሳምንቱ ና።"

ሁለት እርምጃ ሄዱና ቆሙ። ወደ እኔ አልዞሩም።

"እንዳትቀር ደግሞ። ከቀረህ ያቺ ልጅ ትሰጋለች" አሉና እያነከሱ ወደ ግቢያቸው ገቡ።

እኔ መስታወቱን ዘግቼ አለቀስኩ። ይሄን ስክሪንሾት የሚያደርግ ሰው ካለ አላህ ይይለት!

እንግዲህ የዛሬው ትምህርት፦ ከመነሳታችሁ በፊት መኪናችሁን ዙሩ። በተለይ ደግሞ በዛ በሚያሳፍራችሁ በኩል!

አሁን እናንተን ልጠይቅ። ለዚህ ብዬ ነው ይሄን ሁሉ የጻፍኩት። አጎቴ እንድሪስ "በቃ ቶሌ፣ እሺ ማለታቸው ነው፣ ተሰጥተሃል!" ብለው ለእናቴ እየደወሉ ነው። እኔ ግን "እሺ" የምትል ቃል በጆሮዬ አልሰማሁም። ይሄ እሺ ነው አይደል? ኧረ እሺ ነው በሉኝ!

ኮመንታችሁን ቁጭ ብዬ እጠብቃለሁ። ወዴትስ እሄዳለሁ? ንቅንቅ የለም፣ ቁልፉ ሀጂ ኪስ ነው።